ሎኮሞቲቭ መግዛት ወይስ መከራየት? ለባቡር ድርጅቶች የንጽጽር መመሪያ

አዲስ ሎኮሞቲቭ የሚፈልግ ድርጅት የሚደርሱት የዋጋ ማቅረቢያዎች ቋንቋቸው አንድ አይደለም። ባንኩ ስለ ወለድና ዋስትና ያወራል። አከራዩ ስለ ወር ኪራይ ያወራል። አምራቹ ደግሞ ጥገናውን ከሽያጩ ጋር ጠቅልሎ ያቀርባል። አንዱ ዋጋ ውስጥ የተካተተው ሌላው ውስጥ ስለሌለ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን ያሳስታል።

ከወር ክፍያው በፊት ሁለት ቀኖችን ማሰብ ይበጃል፦ ሎኮሞቲቩ ተበላሽቶ የቆመበትን ቀንና ውሉ የሚያልቅበትን ቀን። በእነዚህ ሁለት ቀኖች ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ የለየ ድርጅት ምርጫውን ግማሽ ያህል ጨርሷል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው በዚህ ዓይን ነው።

መጀመሪያ መስፈርቶቹ

አንደኛው መስፈርት የሥራው ዕድሜ ነው። በደንብ የተያዘ ሎኮሞቲቭ 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል፤ የጭነት ውል ግን አብዛኛውን ጊዜ የጥቂት ዓመታት ነው። የ15 ዓመት ዕዳ በ4 ዓመት የጭነት ውል ላይ የጫነ ድርጅት ለቀሩት 11 ዓመታት ደንበኛ እንደሚያገኝ ተወራርዷል ማለት ነው። ውርርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ውርርድ መሆኑን አውቆ መግባት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥገና ነው። መደበኛ ሰርቪሱን ማን ይሠራል? ሙሉ የሞተር እድሳቱንስ? መለዋወጫውን ማን ያከማቻል? ሎኮሞቲቩ ጋራዥ ሲውል ምትክ የሚያመጣው ማን ነው? የራሱ ዲፖ (የጥገና ጣቢያ) እና የሰለጠነ ቴክኒሺያን ያለው ድርጅትና የሌለው ድርጅት ለአንዱ ሎኮሞቲቭ የሚከፍሉት እውነተኛ ዋጋ በፍጹም አይገናኝም።

ሦስተኛው ቀሪ ዋጋ ነው፤ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ ሎኮሞቲቩ ስንት ያወጣል የሚለው። ይህን የሚወስነው ከመልኩና ከፈረስ ጉልበቱ ይልቅ ስንት ሌላ ድርጅት ሊነዳው ይችላል የሚለው ጥያቄ ነው። በ1435 ሚሊሜትር መደበኛ የሐዲድ ስፋት ላይ የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ገዢው ብዙ ነው። በ1000 ወይም በ1067 ሚሊሜትር ላይ የሚሄደው ገበያው ይጠብባል። ኤሌክትሪክ ከሆነ የቮልቴጁ ዓይነትና የተገጠመለት የምልክትና የደኅንነት ሥርዓትም ይቆጠራሉ። በአውሮፓ የሎኮሞቲቭ ኪራይ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እንደ ሲመንስ ቬክትሮንና እንደ አልስቶም ትራክስ ያሉት የሎኮሞቲቭ ቤተሰቦች 15 ኪሎ ቮልት፣ 25 ኪሎ ቮልት፣ 3 ኪሎ ቮልትና 1.5 ኪሎ ቮልት በሚጠቀሙ አገሮች መካከል ድንበር ተሻግረው እንዲሠሩ ተደርገው ሊታዘዙ ይችላሉ። አንዱ ተከራይ ሲመልሰው ሌላው ይረከበዋል።

ቀሪ ዋጋ በወረቀት ላይ ያለ ግምት ብቻ እንዳልሆነ ለማየት የብሪታንያን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። የመንግሥት ባቡር ወደ ግል ሲዛወር የመንገደኛ ባቡሮቹና የሚስቧቸው ሎኮሞቲቮች ለሦስት አከራይ ኩባንያዎች ተከፋፈሉ፤ ኤንጀል ትሬንስ፣ ኤቨርሾልትና ፖርተርብሩክ። ፖርተርብሩክ በ1996 መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በ528 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት የትራንስፖርት ኩባንያው ስቴጅኮች በ825 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በጥቂት ወራት ውስጥ ሐዲድ ላይ ያለው ብረት አልተለወጠም። የተለወጠው ሰዎች ለወደፊት ኪራዩና ለቀሪ ዋጋው የሰጡት ግምት ነው።

አራተኛው ምንዛሪ ነው። ገቢው በአንድ ገንዘብ፣ ክፍያው በሌላ ከሆነ የምንዛሪ ለውጥ ትርፉን በአንድ ዓመት ሊውጠው ይችላል። አምስተኛው የሒሳብ መዝገብ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው አሁንም የድሮውን ይዞ ይናገራል። ቀደም ሲል ኦፕሬቲንግ ሊዝ (ለተወሰኑ ዓመታት ተከራይቶ መመለስ) ከሀብትና ዕዳ መግለጫ ውጭ ስለሚቀር ዕዳ ለመደበቅ ይመረጥ ነበር። ከጥር 1 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ስታንዳርድ፣ አይኤፍአርኤስ 16፣ ይህን በር ዘግቷል፤ ከ12 ወር በላይ የሆነ የሎኮሞቲቭ ኪራይ በተከራዩ መዝገብ ላይ እንደ ሀብትም እንደ ዕዳም ይታያል። ዛሬም «ተከራዩት፣ መዝገብ ላይ አይወጣም» የሚል አማካሪ ካጋጠመዎ ስታንዳርዱን እንዲያነብ ይንገሩት።

በራስ ገንዘብ መግዛት

በጣም ቀላሉ፣ ለአብዛኛው ድርጅትም የማይሆነው መንገድ ነው። ወለድ የለም፣ የሚፈራ አበዳሪ የለም። ነገር ግን ሐዲድ፣ ፉርጎና ዲፖ የሚፈልጉት ገንዘብ ሁሉ ጥቂት ሎኮሞቲቮች ላይ ይታሰራል። ለማንቀሳቀሻ፣ ማለትም ግቢ ውስጥ ፉርጎ ለመግፋት፣ ያገለገለ አነስተኛ ሎኮሞቲቭ ለሚገዛ ፋብሪካ ወይም ወደብ ግን ከዚህ የተሻለ የለም።

የባንክና የኤክስፖርት ብድር

ድርጅቱ ቅድመ ክፍያ ያዋጣል፣ ባንኩ ቀሪውን ይሸፍናል፣ ሎኮሞቲቩ በመያዣነት ይቀመጣል። ሎኮሞቲቩ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የአምራቹ አገር የኤክስፖርት ብድር ተቋም ዋስትና ሊሰጥ ይችላል። ያኔ ወለዱ ይቀንሳል፣ የመክፈያ ጊዜውም ይረዝማል። በዚያው ልክ የአምራች ምርጫው በአንድ አገር ይታጠራል፤ ርካሽ ብድር ያለው ውድ ሎኮሞቲቭ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ለይቶ ማስላት ግድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የእፎይታ ጊዜው፣ ማለትም ክፍያ የማይጠየቅበት የመጀመሪያ ጊዜ፣ ነው። አዲስ ዓይነት ሎኮሞቲቭ እንደደረሰ አይነዳም፤ የሙከራ ጉዞና የደኅንነት ፈቃድ ይጠብቃል። ፈቃዱ ስምንት ወር ቢዘገይና የእፎይታ ጊዜው ስድስት ወር ቢሆን ድርጅቱ ገና አንድ ፉርጎ ሳይስብ መክፈል ይጀምራል። የእፎይታ ጊዜው የሚቆጠረው ሎኮሞቲቩ ከተረከቡበት ቀን ሳይሆን ለሥራ ከተፈቀደበት ቀን እንዲሆን ይደራደሩ።

ሌላው ጥንቃቄ የብዛት ግዢ ነው። የደቡብ አፍሪካው የመንግሥት የጭነት ባቡር ድርጅት ትራንስኔት በ2014 1064 ሎኮሞቲቮችን ከአራት አምራቾች በአንድ ጊዜ አዘዘ። መነሻ ግምቱ 38.6 ቢሊዮን ራንድ ነበር፤ ውሉ ሲፈረም 54.5 ቢሊዮን ደረሰ፤ ጉዳዩም በዳኛ ዞንዶ በሚመራው የሙስና አጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀረበ። ከዚያ ወዲያ ከአንዱ አቅራቢ ጋር በተነሳው ክርክር መለዋወጫ ስለጠፋ በርካታ ሎኮሞቲቮች ቆሙ። የሙስናውን ነገር ለብቻው ብናስቀምጠው እንኳ ለፋይናንስ ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የመለዋወጫ አቅርቦት ከብድሩ ዕድሜ እኩል በውል ካልተያዘ፣ የቆመ ሎኮሞቲቭ ዕዳ መክፈል ግዴታ ይሆናል።

የመሣሪያ ትረስት ሰርተፍኬት

በአሜሪካ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚሠራበት፣ «የፊላዴልፊያ ዕቅድ» የሚባለው መንገድ ነው። ሎኮሞቲቩን በስም የሚይዘው አደራ ተቀባይ ነው። ለባለሀብቶች ሰርተፍኬት ይሸጣል፣ የባቡር ድርጅቱ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ገደማ ቀድሞ ይከፍላል፣ ቀሪውን በኪራይ መልክ ይከፍላል። የመጨረሻዋ ክፍያ ስትገባ ባለቤትነቱ ይዛወራል። በሎኮሞቲቩ ጎን ላይ የተለጠፈች፣ የባለቤቱን ስም የያዘች ትንሽ የብረት ሰሌዳ የዚህ ሥርዓት ምልክት ነበረች፤ ድርጅቱ ቢከስር ሌላ አበዳሪ «የእኔ ነው» እንዳይል።

ሰሌዳዋ ብቻዋን አልነበረችም፣ ሕጉም ከኋላዋ አለ። በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ አንቀጽ 1168 መሠረት የከሰረ የባቡር ድርጅት በ60 ቀናት ውስጥ ውዝፉን አስተካክሎ መክፈሉን ካልቀጠለ ባለመብቱ ሎኮሞቲቩን መውሰድ ይችላል። አበዳሪ መያዣውን በፍጥነት እንደሚያገኝ ሲያውቅ ወለድ ይቀንሳል፤ ይህ በየትኛውም አገር እውነት ነው። በተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ላይ ያለ መያዣን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የኬፕታውን ስምምነት አካል የሆነውና በ2007 የተፈረመው የሉክሰምበርግ የባቡር ፕሮቶኮል ይህንኑ ጥበቃ ድንበር ተሻግሮ ለመስጠት የታሰበ ነው። መጋቢት 8 ቀን 2024 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሥራ ላይ ውሏል፤ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ መለያ ቁጥር አግኝቶ መብቱ በዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ የሚሰፍርበትን መንገድ ከፍቷል። ያጸደቁት አገሮች ገና ጥቂት ስለሆኑ አገርዎ ከነሱ መካከል መኖሩን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

በጋራ ተቋም በኩል መበደር

ብዙ የባቡር ድርጅቶች፣ ወይም አንድ ትልቅ የመንግሥት ባቡር፣ ብቻቸውን ከሚበደሩ አንድ ተቋም አቋቁመው በሱ ስም ይበደራሉ። በ1956 የተመሠረተውና መቀመጫው ባዝል የሆነው ዩሮፊማ የአውሮፓ የባቡር ድርጅቶች የጋራ ንብረት ነው፤ ቦንድ ሸጦ ያገኘውን ለአባላቱ ባቡር መግዣ ያውላል። በሕንድ በ1986 የተቋቋመው የሕንድ ባቡር ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ከገበያ ተበድሮ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ይገዛና ለባቡር ሚኒስቴሩ በ30 ዓመት ሊዝ ያከራያል። ወለዱ ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን በሩ ክፍት የሚሆነው ለአባላትና መንግሥት ከኋላው ለቆመለት ብቻ ነው። የግል ኦፕሬተር ይህን ክፍል ቢያልፈው አይጎዳም።

ፋይናንስ ሊዝ

ስሙ ኪራይ ይሁን እንጂ ተግባሩ ብድር ነው። አከራዩ ሎኮሞቲቩን ድርጅቱ በመረጠው ዝርዝር ይገዛል። ድርጅቱ በሎኮሞቲቩ ዕድሜ አብዛኛውን ክፍል እየከፈለ ይጠቀማል፤ በመጨረሻም በትንሽ ዋጋ ይወስደዋል። ጥገናው፣ መድኑ፣ ቀሪ ዋጋው ሁሉ የተከራዩ ነው። ውሉ ውስጥ በደንብ መነበብ ያለበት አንቀጽ ክፍያው በምንም ምክንያት እንደማይቆም የሚደነግገው ነው። ሎኮሞቲቩ ቢሰበር፣ አምራቹ ቢዘገይ፣ ጭነት ቢጠፋ ኪራዩ ይቀጥላል። አከራዩ ገንዘብ አቅራቢ ብቻ ስለሆነ ይህን መጠየቁ አግባብ ነው። ተከራዩም በፊናው በአምራቹ ላይ ያለውን የዋስትና መብት ራሱ በቀጥታ የሚጠይቅበት አንቀጽ እንዲገባለት ማድረግ አለበት።

ኦፕሬቲንግ ሊዝ

ክርክሩም ጥቅሙም የሚበዛው እዚህ ነው። አከራዩ ሎኮሞቲቩን ለተወሰኑ ዓመታት ይሰጣል፣ መልሶ ይረከባል፣ ቀሪ ዋጋው የሱ ሥጋት ሆኖ ይቀራል። ሁለት መልክ አለው። በአንዱ ባዶ ሎኮሞቲቩ ብቻ ይከራያል፣ ጥገናው የተከራዩ ነው። በሌላው ከሙሉ ጥገና ጋር ይከራያል፤ ሎኮሞቲቩ ከተስማሙበት ጊዜ በላይ ጋራዥ ከዋለ ኪራይ ይቀንሳል ወይም ምትክ ይመጣል። ሁለተኛው በወር ሲታይ ውድ ነው። ዲፖ የሌለው አዲስ ኦፕሬተር ግን ውድ መስሎት ትቶት የመጀመሪያውን ሲመርጥ ብዙ ጊዜ ይጸጸታል፤ ከሁለት ሎኮሞቲቮቹ አንዱ ቆሞ ሲውል የሚያጣው ደንበኛውን ነውና።

ዋጋው እንዴት እንደሚነጻጸር በምሳሌ ላሳይ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው። የሎኮሞቲቩ ዋጋ 100 ይሁን። በብድር፦ 20 ቅድመ ክፍያ፣ 80 ደግሞ በ10 ዓመት በ8 በመቶ ወለድ፤ በዓመት 11.9 ገደማ። በኪራይ፦ ያለ ቅድመ ክፍያ በዓመት 12። ጥገናው በሁለቱም የተጠቃሚው ነው። በ10ኛው ዓመት ተበዳሪው በድምሩ 139 ከፍሏል፣ ሎኮሞቲቩ ግን የሱ ነው። በ45 ቢሸጠው የተጣራ ወጪው 94 ነው፤ ተከራዩ 120 ከፍሎ ባዶ እጁን ሲሄድ ገዢው አተረፈ። በ20 ብቻ ቢሸጥ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ገዢ ከጠፋ ገዢው ከተከራዩ በላይ ከስሯል።

አሁን የጭነት ውሉ በ4ኛው ዓመት ተቋረጠ እንበል። የ4 ዓመት ውል የያዘው ተከራይ 48 ከፍሎ ይመልሳል። ተበዳሪው 68 ገደማ ከፍሏል፣ 55 ዕዳ ይቀረዋል፤ ከተከራዩ ጋር እኩል ለመሆን ሎኮሞቲቩን በ75 መሸጥ አለበት። ብዙ ገዢ ባለበት የሐዲድ ስፋት ይህ ይቻል ይሆናል፤ ገዢ በሌለበት አይታሰብም። የገንዘብ የጊዜ ዋጋ ሲታከልበት ቁጥሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ የጥያቄው አቅጣጫ ግን ያው ነው።

ስለ መመለሻው ቀን ደግሞ ጠለቅ ብዬ ልናገር፤ ገንዘብ በብዛት የሚፈሰው እዚያ ነውና። ሎኮሞቲቩ የመመርመሪያ ጉድጓድ ላይ ይቆማል፣ የአከራዩ መርማሪ ከሥር ይገባል። በመለኪያው ሐዲዱን የሚይዘውን የብረት ጎማ ጠርዝ ይለካል፣ ከዚያ ዲያሜትሩን። በብዙ የአውሮፓ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች አዲስ ጎማ 1250 ሚሊሜትር ነው፤ በቶርኖ በተላጠ ቁጥር ይቀንሳል። ውሉ «ጎማው ቢያንስ ግማሽ ዕድሜ ቀርቶት ይመለስ» የሚል ከሆነና ጎማዎቹ ወደ መጨረሻው ከተጠጉ፣ ተከራዩ አዲስ የጎማ ስብስብ ይገዛል። ቀጥሎ የጥገና መዝገቡ ይገለጣል። የአየር መጭመቂያው መቼ ታደሰ? ማርሽ ሳጥኑስ? ፊርማና ቀን የሌለው ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፤ በርግጥ የታደሰ ዕቃ ወረቀቱ ስለጠፋ ብቻ እንደገና እንዲታደስ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅና የመረከቢያ ሰነዱ እስኪፈረም ኪራዩ ይቆጥራል። ስለዚህ ሎኮሞቲቭ የሚከራይ ድርጅት በመጀመሪያው ቀን የጎማውን ልክ፣ የስህተት መዝገቡንና የአካሉን ፎቶ ከአከራዩ ጋር ተፈራርሞ ይያዝ። ለዚህ ግማሽ ቀን የማይሰጥ ድርጅት በመጨረሻው ወር ብዙ ቀን ይከፍላል።

አንድ ሌላ ነገር፦ በኪራዩ ዘመን አዲስ የምልክት ሥርዓት ወይም የጭስ ደንብ ቢወጣ የመግጠሚያ ወጪውን ማን ይሸፍናል? መሣሪያው ከኪራዩ ዘመን በላይ የሚያገለግል ከሆነ አከራዩ እንዲሸፍነውና በቀሪ ዘመኑ ኪራይ ላይ እንዲያካፍለው መጠየቅ ተገቢ ነው።

በሰዓት ወይም በአጭር ጊዜ መከራየት

ለአዝመራ ጭነት፣ ለሐዲድ ግንባታ፣ በአደጋ ለተጎዳ ሎኮሞቲቭ ምትክ ይውላል። የቀን ዋጋው ከሁሉ ከፍ ያለ ነው፤ ባልሠራበት ጊዜ አለመክፈሉ ግን ያካክሰዋል። ክፍያው በአጠቃቀም ብቻ ከሆነ በአይኤፍአርኤስ 16 እንደ ሊዝ ዕዳ አይመዘገብም። የሰሜን አሜሪካ ትልልቅ ባቡሮች ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ በብድር መልክ ይረዳዳሉ፤ የአንዱ ሎኮሞቲቭ በሌላው ሐዲድ ላይ ሲሠራ በፈረስ ጉልበት ሰዓት (ጉልበቱ በሠራበት ሰዓት ተባዝቶ) ይቆጠርና በኋላ በዚያው ይመለሳል። ጎረቤት ኦፕሬተር ካለዎ ከኪራይ ቢሮ በፊት እሱን ያነጋግሩ።

ሸጦ መልሶ መከራየት

ያለውን ሎኮሞቲቭ ለአከራይ ሸጦ በዚያው ቀን መልሶ መከራየት ነው። የታሰረ ገንዘብ ይፈታል፤ ገንዘቡ የሚሠራ ነገር ላይ ከዋለ ጥሩ ነው። ደመወዝና የቆየ ዕዳ ለመክፈል ከዋለ ግን ድርጅቱ ንብረቱንም ገንዘቡንም አጥቶ ኪራይ ብቻ ይቀረዋል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | መነሻ ገንዘብ | ጥገና የማን ነው | የቀሪ ዋጋ ሥጋት | ቀድሞ ለመውጣት |
|---|---|---|---|---|
| በራስ ገንዘብ | ሙሉ ዋጋ | የገዢው | የገዢው | መሸጥ ብቻ |
| ብድር | መካከለኛ | የተበዳሪው | የተበዳሪው | ዕዳው ይከተላል |
| የመሣሪያ ትረስት | 20 በመቶ ገደማ | የድርጅቱ | የድርጅቱ | አስቸጋሪ |
| የጋራ ተቋም | ዝቅተኛ | የድርጅቱ | የድርጅቱ | አስቸጋሪ |
| ፋይናንስ ሊዝ | ዝቅተኛ | የተከራዩ | የተከራዩ | ከባድ ቅጣት |
| ኦፕሬቲንግ ሊዝ፣ ያለ ጥገና | የጥቂት ወር ማስያዣ | የተከራዩ | የአከራዩ | በዘመኑ መጨረሻ |
| ኦፕሬቲንግ ሊዝ፣ ከሙሉ ጥገና ጋር | የጥቂት ወር ማስያዣ | የአከራዩ | የአከራዩ | በዘመኑ መጨረሻ |
| በሰዓት ወይም በቀን | የለም ማለት ይቻላል | የአከራዩ | የአከራዩ | በጣም ቀላል |
| ሸጦ መከራየት | ገንዘብ ያስገባል | በውሉ | የአከራዩ | በውሉ |

ለማን የትኛው

አዲስ የግል ኦፕሬተር፣ ሦስት ወይም አራት ሎኮሞቲቭ የሚፈልግ፣ ዲፖ የሌለው፦ ከሙሉ ጥገና ጋር ኦፕሬቲንግ ሊዝ፤ ዘመኑም ከጭነት ውሉ ጋር አንድ ቀን የሚያልቅ። ኪራዩ በወር ውድ ቢመስልም የቴክኒክ ሰው፣ የመለዋወጫ መጋዘንና የመመለሻ ቀን ክርክር አብረው ይወርዳሉ።

የራሱ ጋራዥና ልምድ ያለው መካከለኛ ድርጅት፦ መሠረታዊውን ሥራ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቆመውን፣ በብድር በተገዙ ሎኮሞቲቮች ይሸፍን። ለሚወጣና ለሚወርደው ጭነት ከጥገና ውጭ የሆነ አጭር ኪራይ ይጨምር። ሁሉንም መግዛትም ሁሉንም መከራየትም ለዚህ ዓይነቱ ድርጅት አይመከርም።

በጠባብ ወይም ባልተለመደ የሐዲድ ስፋት ላይ የሚሠራ፦ ኦፕሬቲንግ ሊዝ ቢፈልግም አከራይ ላያገኝ ይችላል፤ ቢያገኝም አከራዩ ቀሪ ዋጋውን ዜሮ አድርጎ ስለሚያሰላ ኪራዩ ከብድር ክፍያ ይበልጣል። እዚህ ፋይናንስ ሊዝ ወይም ረጅም ብድር ይሻላል፤ ከአምራቹ የመለዋወጫ ስምምነት ጋር ተያይዞ።

ትልቅ የመንግሥት ባቡር፦ ርካሹ ገንዘብ በመንግሥት ዋስትና ወይም በጋራ ተቋም በኩል ይገኛል። የሚቀረው ሥራ ጥገናውን ከግዢው ጋር ማሰር ነው። ሕንድ በ2015 ከአልስቶም ጋር የ12,000 ፈረስ ጉልበት 800 የጭነት ሎኮሞቲቮች ስታዝ ማምረቻውን በማዴፑራ፣ የጥገና ዲፖዎቹን ደግሞ በሳሃራንፑርና በናግፑር በውሉ ውስጥ አካትታለች። ሎኮሞቲቩን የሠራው ራሱ እንዲጠግነው ሲታሰር፣ በመጀመሪያው ዓመት ርካሽ የነበረ ዕቃ በስድስተኛው ዓመት የመለዋወጫ ያለህ የሚያሰኝበት ዕድል ይቀንሳል።

በጀቱ በጣም ጠባብ የሆነ፦ ታድሶ የተሸጠ ሎኮሞቲቭ ይመልከት። የሞተሩና የቦጊው (ጎማዎቹን የሚይዘው ክፍል) እድሳት በማን፣ መቼ እንደተሠራ በሰነድ ይጠይቅ፤ ከመክፈሉ በፊትም የራሱን ባለሙያ ወደ ጉድጓዱ ይላክ፣ ጎማውንም ያስለካ።